ጭስ፣ አመድና በረኪና፦ የማጀትና የመጸዳጃ ቤት ንጽሕና በደባርቅና በዳባት

ከጎንደር ወደ ሰሜን ተጉዞ፣ ዳባትን አልፎ ደባርቅ የገባ መንገደኛ አስቀድሞ የሚያውቀው ብርዱን ነው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በሊማሊሞ በኩል የሚመጣው ነፋስም ማታ ማታ በርና መስኮት ያዘጋል። በመሆኑም የአካባቢው ቤት የሚሠራው ሙቀት እንዲይዝ ሆኖ ነው። ሙቀት የሚይዝ ቤት ግን ጭሱንም፣ እርጥበቱንም፣ ክፉ ጠረኑንም አብሮ ይይዛል። ስለ ማጀትና ስለ መጸዳጃ ቤት አያያዝ የሚሰጡ ምክሮች አብዛኞቹ የታሰቡት የቧንቧ ውሃና ሰፊ መስኮት ላለው ቤት ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የደጋውን ቤት መነሻ አድርገን፣ በየቤቱ የሚገኙት አመድ፣ ሳሙና፣ ፀሐይና በረኪና በምን ምክንያት እንደሚያጸዱ፣ የት ላይም እንደማይበቁ ለማየት እንሞክራለን።

ከመጥረጊያው በፊት ጭሱ

ማጀት ለማጽዳት የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከወለሉ ይጀምራል። ከአየሩ ቢጀምር ይሻላል። በሦስት ጉልቻ መካከል የሚነድ የባሕር ዛፍ እንጨት ወይም ኩበት በቂ አየር ስለማያገኝ ሙሉ በሙሉ አይቃጠልም፤ ያልተቃጠለው ክፍል ጥላሸት፣ ደቃቅ ብናኝና ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ከ2.5 ማይክሮ ሜትር ያልበለጠ ስፋት ያላቸው ብናኞች በ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ15 ማይክሮ ግራም መብለጥ አይገባቸውም። መውጫ በሌለው ማጀት እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ግን መጠኑ ብዙ መቶዎችን፣ አንዳንዴም ሺዎችን ይደርሳል። ይህን አየር የምትተነፍሰው ጋጋሪዋ ብቻ አይደለችም፤ በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃንም ጭምር ነው። ሕፃናትን ለሳንባ ምች ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ ይኸው ጭስ መሆኑ የታወቀ ነው።

መፍትሔው መስኮት ማስፋት ብቻ ሊመስል ይችላል፤ በደባርቅ ብርድ ግን የሰፋ መስኮት ወዲያው በጨርቅ ይደፈናል። የጭስ ማውጫ የሚሠራው ሙቅ አየር ከቀዝቃዛ አየር ስለሚቀል ነው። በውስጥና በውጭ ያለው የሙቀት ልዩነት በበዛ መጠን፣ ማውጫውም በረዘመ መጠን ጭሱ በብርታት ወደ ላይ ይሳባል። እንግዲህ በሌላው ነገር የሚያስቸግረን ብርድ በዚህ ረገድ አጋዣችን ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን የሚወጣውን አየር የሚተካ አየር መግቢያ ማስፈለጉ ነው። ከጣሪያው ሥር ካለው ማውጫ ሌላ በምድጃው አቅራቢያ፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ አንዲት ጡብ የምታህል ቀዳዳ ብትተው ጭሱ መንገዱን ያገኛል፤ እሳቱም በደንብ ይነዳል።

እዚህ ላይ አያቶቻችን አንድ ተገቢ ተቃውሞ አላቸው። ጭስ የሣር ክዳኑንና ማገሩን ከነቀዝና ከምስጥ ይጠብቃል ይላሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ክዳኑ ቆርቆሮ በሆነበት ቤት ጭሱ የሚጠብቀው ሣር የለም፤ በቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ከእንፋሎት ጋር ተጣብቆ ጥቁር ጠብታ ሆኖ ሊጡ ላይ ይወርዳል እንጂ።

ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው ምርጥ ምጣድ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልል፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ፍጆታ እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። ማገዶ ሲቀንስ ጭሱም ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ ጭስ ማውጫውን አይተካም።

ከሁሉ የሚያሰጋን የከሰል ማንደጃ ነው። የነደደ ከሰል ጭስ ስለሌለው ንጹሕ ይመስላል፤ ስለዚህም በብርድ ሌሊት ወደ መኝታ ክፍል፣ አንዳንዴም ገላ ለመታጠብ ወደ ጠባቧ መታጠቢያ ክፍል ይገባል። ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን በ200 እጥፍ ይበልጣል። በደባርቅ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከሦስት አራተኛው በታች ስለሆነ፣ ሰውነት የሚያገኘው ኦክስጅን ቀድሞውኑ ያነሰ ነው። አንድ ዓይነት ማንደጃ በደጋ ከቆላው የበለጠ የሚያሰጋውም በዚህ ምክንያት ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ሲሰማ ምክንያቱን በጉንፋን ከማሳበብ አስቀድሞ በሩን መክፈትና ወደ ውጭ መውጣት ይገባል። ከሰል ውጭ ተቀጣጥሎ ቢገባም ፍሙ እስካለ ድረስ ጋዙን ማመንጨቱን አያቆምም።

ዕቃው በምን ይታጠብ?

አመድ ድስት የሚያጸዳው ስለሚፍቅ ብቻ አይደለም። በውስጡ በውሃ የሚሟሟ ፖታሲየም ካርቦኔት አለ፤ የአመድ ውሃም ጠንካራ አልካሊ ነው። አልካሊ ከቅባት ጋር ሲገናኝ ቅባቱን ቀስ በቀስ ወደ ሳሙናነት ይለውጠዋል፤ ሙቅ ውሃ ሲጨመርበት ይፋጠናል። በአመድ ስናጥብ ጣታችንን የሚያሙለጨልጨው ነገር ከፊሉ ከገዛ ቆዳችን ቅባት የተሠራ ሳሙና መሆኑን ስንቶቻችን አስበን ይሆን? ለዚህ የሚመረጠው የተነፋ የእንጨት አመድ ነው፤ ላስቲክ የተቃጠለበት አመድ ለምግብ ዕቃ አይሆንም። የአሉሚኒየም ድስትም በአመድ ሲታሽ ቢያበራም፣ አልካሊው ብረቱን የሚከላከለውን ስስ ሽፋን ስለሚበላው ከጊዜ በኋላ ይሳሳል። ለአሉሚኒየም ሳሙና ይበቃል።

እንዶድ የሚያረፋው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው፣ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ለማጥፋት የሚያስችል ምርምር የጀመሩበት ተክል ነው። ቀንድ አውጣ የሚገድለው ንጥረ ነገር ዓሣንም ስለሚገድል፣ እጣቢውን ወንዝ ውስጥ ማፍሰስ አይገባም።

ጋንና እንስራ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሸክላ ቀዳዳማ ስለሆነ ሳሙናውን ይመጠውና ለጠላው መልሶ ይሰጠዋል። በግራዋ ቅጠል አሽቶ፣ አለቅልቆ፣ በወይራ ማጠን ለዚህ ዕቃ የተገባ ዘዴ ነው፤ ግራዋው ይፍቃል፣ ሙቀቱ ያደርቃል፣ በወይራው ጭስ ውስጥ ያሉት ፌኖሎችም ጀርሞችን ይገታሉ። መክተፊያና የዕቃ ጨርቅን በተመለከተ ፀሐይ ታላቅ ረዳት ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራልና። ክረምት ላይ ይህ አይገኝም፤ ያን ጊዜ ጨርቁን መቀቀል ነው።

መቀቀል ከተነሳ፣ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁንን እንመልስ። በደባርቅ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ወይም በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ይህ ለተቅማጥ አምጪ ጀርሞች ከበቂ በላይ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖሩ የሚሰጠው ምክር ውሃው ከተንተከተከ በኋላ ለሦስት ደቂቃ እንዲቆይ ነው።

መጸዳጃ ቤቱና ዝንቡ

አማራ ክልል በዓለም ላይ በትራኮማ እጅግ ከተጠቁ አካባቢዎች አንዱ ነው። በሽታውን በሕፃናት ዓይን ዙሪያ እያረፈ ከሚያዛምቱት አንዱ ሙስካ ሶርቤንስ የተባለ ዝንብ ሲሆን፣ ይህ ዝንብ በተለይ የሚራባው በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው፤ በጉድጓድ መጸዳጃ ቤት ውስጥ እምብዛም አይፈለፈልም። በጋምቢያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት መጸዳጃ ቤት በተሠራላቸው መንደሮች በልጆች ዓይን ላይ የሚያርፈው ዝንብ በ30 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም የጉድጓድ ቁፋሮን ከዋና ትምህርቶቹ አንዱ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሰው የማይገባበት ከሆነ ግን ልፋት ብቻ ነው፤ ሰውን የሚያሸሸው ደግሞ ሽታው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዚምባብዌ የተፈለሰፈው ዓይነት መጸዳጃ ቤት ለነፋሻማው ለእኛ አገር የተመቸ ነው። ከጉድጓዱ የሚነሳ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቧንቧ ከጣሪያው በላይ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ጫፉም በወንፊት ሽቦ ይሸፈናል። ነፋሱ በቧንቧው አፍ ላይ ሲያልፍ የጉድጓዱን አየር ይስባል፤ ሽታውም ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ሰማይ ይሄዳል። ቤቱ ጨለም ያለ ከሆነ፣ በጉድጓዱ ውስጥ ያለ ዝንብ ብርሃን ወዳለበት ወደ ቧንቧው ወጥቶ ወንፊቱ ላይ ይቀራል። በዚህ ዓይነቱ መጸዳጃ ቤት ቀዳዳውን መክደን ስህተት ነው፤ አየሩ የሚገባው በእርሱ ነውና። ቧንቧ በሌለው ግን ክዳን ግዴታ ነው፤ ከየአጠቃቀሙ በኋላም ፍም የሌለበት አንድ እፍኝ አመድ ሲነሰነስ እርጥበቱን ይመጣል፣ አልካሊነቱም ሽታውንና የዝንብ እጩን ይቀንሳል። ወለሉ ከባሕር ዛፍ ርብራብና ከጭቃ ይልቅ ሲሚንቶ ቢሆን ለመታጠብም ይመቻል፤ እንጨቱ ከሥር በስብሶ የመደርመስ አደጋም አይኖርም።

በረኪና

በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የተባለው ውህድ በውሃ ተሟሙቶ ነው። ጀርም ይገድላል እንጂ ቆሻሻ አያነሳም፤ ቆሻሻ ሲያገኝም ኃይሉን በእርሱ ላይ ይጨርሳል። ስለዚህ ወለሉ በቅድሚያ በሳሙና ታጥቦ ይለቀለቃል፤ ከዚያ በአንድ ሊትር ውሃ 20 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ጥቂት የሚበልጥ፣ 5 ከመቶ የሆነ በረኪና ተበጥብጦ ይፈስበታል፤ አሥር ደቂቃም ይቆያል። ተቅማጥ ወይም ትውከት የነካው ሥፍራ ከተጠረገ በኋላ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ይፈልጋል። የተበጠበጠው ለነገ አይቀመጥም። ወደ ደረቅ ጉድጓድም አይጨመር፤ ዓይነ ምድሩን የሚያብላሉትን ተሕዋስያን ይገድላልና።

ከእኛ አንዱ በተማሪነቱ በተከራየው ቤት የሴራሚኩን ዝገት በአሲድ ያጥብና ሽንት ቤቱ «ይበልጥ እንዲጸዳ» በረኪና ይደግምበታል። ዓይኑ እያነባ፣ እየሳለ ደጅ የወጣው በደቂቃ ውስጥ ነበር። አሲድ በረኪናን ሲያገኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ጋዙ ከአየር በሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ስለሚከብድ መስኮቷ ትንሽ በሆነች ክፍል ወለል ላይ ይተኛል፤ አጎንብሶ የሚፈትግ ሰው ፊት ባለበት ማለት ነው። ሎሚና ኮምጣጤም አሲዶች ናቸው። የተጠራቀመ ሽንትም በውስጡ ባለው አሞኒያ ምክንያት ከበረኪና ጋር ሌላ መርዛም ጋዝ ስለሚሠራ፣ አስቀድሞ በብዙ ውሃ መታጠብ አለበት።

በረኪና በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ እየተቀዳ የሚቀመጥበት ልማድ ደግሞ ሕፃናትን ይጎዳል። የራሱ ዕቃ ውስጥ፣ ብርሃን በማይደርስበትና ልጅ በማይደርስበት ከፍታ ላይ መቀመጥ ይኖርበታል። በአጋጣሚ የጠጣ ልጅ ካለ፣ የጎዳው ፈሳሽ ተመልሶ ሲወጣ ጉሮሮን ዳግም ያቃጥላልና እንዲያስመልሰው ማድረግ ክልክል ነው፤ አፉን አጉመጥምጦ፣ ጠርሙሱንም ይዞ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።