የሀለኮ ቅጠልና የሀለኮ ሥር

እኛ የምዕራብ ዓባያ ልጆች ሀለኮ የምንለው ዛፍ በአማርኛ ሽፈራው፥ በኮንሶ ደግሞ ሸላግዳ ይባላል። የዕፅዋት ሊቃውንት ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ ብለው ሰይመውታል። ቅጠሉን ቀቅለን ከቁርቁፋ ጋር እንበላዋለን፤ ሥሩ ግን መድኃኒት ነው እየተባለ ይቆፈራል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ሁለቱ አንድ አለመሆናቸውን ለመግለጽ እሞክራለሁ።

የቅጠሉ ሻይ ቀላል ነገር ነው። ቅጠሉ ታጥቦ በጥላ ይደርቃል፤ ከዚያም ቆንጠር ተደርጎ በፈላ ውሃ ላይ ይጨመራል። ሎሚ ጠብ ቢደረግበት መልካም ነው፤ ያለ ሎሚ እኔ በበኩሌ አልወደውም። ቅጠሉ ቢለቀም ዛፉ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ሥሩ የተቆረጠ ዛፍ ግን ሊደርቅ ይችላል።

ሥሩን ልጦ ያሸተተ ሰው ሰናፍጭ የተፈጨ ይመስለዋል። ሀለኮ ከጎመንና ከሰናፍጭ ጋር የሩቅ ዝምድና አለውና፤ በሥሩ ውስጥ ድኝ ያለበት ንጥረ ነገርና እርሱን የሚበትን ኢንዛይም ተለያይተው ይቀመጣሉ። ሥሩ ሲወቀጥ ሁለቱ ይገናኙና አፍንጫ የሚሰነፍጠው ነገር ይወጣል። እንግሊዞች በህንድ አገር ሳሉ የዚህን ዛፍ ዘመድ ሥር ፍቀው ከሥጋ ጋር ይበሉት ነበር።

በባህል ሕክምና ሥሩ ለወባ፥ ለሆድ ሕመም፥ ለአስም ይሰጣል፤ ደግሞም ከወሊድ በኋላ የቀረውን የእንግዴ ልጅ ለማስወጣት ይጠጣል። አንባቢ ሆይ፥ ይህን የመጨረሻውን ልብ በል።

በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ወር አክስቴ ትኩሳት ይዟት ወደ አያቴ ቤት መጣች። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

«እማዬ፥ ከሀለኮው ሥር ትንሽ ቀቅዪልኝ፤ ወባ ሳይሆን አይቀርም» አለች።

እኔም ለመታዘዝ ቸኩዬ መቆፈሪያ አነሣሁና መሬቱን ሁለት ጊዜ እንደ መታሁ አያቴ ከቤት ወጡ።

«አስቀምጥ! የቀረውን የሚያወጣ ሥር ያልደረሰውን ይተወዋል ወይ?» ብለው ተቆጡኝ።

ያን ዕለት ኬሚስትሪ የተማርሁት እኔ ዝም አልሁ፤ ፊደል ያልቈጠሩት አያቴ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቁ። ትኩሳቱንም የቅጠሉ ሻይ ያድነዋል አላሉም። አክስቴን በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ደሟ ሲመረመር ወባ ተገኘባትና ለነፍሰ ጡር የሚሆነው ኪኒን ተሰጣት።

ልጁ በጥር ወር በደኅና ተወለደ። ስሙን ሽፈራው እንበለው ብዬ ነበር፤ ማንም አልሰማኝም።