ሻንጣና ውል፦ ከይፋት ወደ አዲስ አበባ የሚሻገር ሰው ሊያውቀው የሚገባ ሕግ

ከይፋቷ ሸዋ ሮቢት የተነሳ አውቶቡስ አርማንያን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ረግጦ ጣርማ በርን ሲወጣ የቆላው ሰው ጋቢውን ይደርባል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረውን ዋሻ ካለፉ በኋላ አገሩ ደጋ ነው፤ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የአዲስ አበባው ላምበረት መናኸሪያ። ከተሳፋሪው መካከል ሽንኩርቱን ወይም ማሾውን ሸጦ የሚመለስ አለ፤ ላይመለስ የሚሄድም አለ። አጣዬ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ከተቃጠለች፣ የሰሜኑ ጦርነትም በ2014 ዓ.ም. ሸዋ ሮቢት ድረስ ከዘለቀ ወዲህ ይህን መንገድ ለሁልጊዜ የጀመረ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም።

ላምበረት የሚወርደው ሰው ሁለት ጭንቀት አለው፤ የት ያድራል፣ ምን ይሠራል? በሁለቱም ጉዳይ ሕጉ አዲስ ገቢውን ከከተሜው አሳንሶ አያየውም። ችግሩ ሌላ ነው። እያንዳንዱ መብት የሚቆጠር ቀንና የሚጠየቅ ወረቀት አለው፤ አዲስ ገቢው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቀን ሳይቆጥር፣ ወረቀት ሳይቀበል ይኖራል።

ሌላው ሁሉ ከመምጣቱ በፊት «መምጣቱስ ይፈቀዳል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አለ። ጥያቄው ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ በ2015 ዓ.ም. ከአማራ ክልል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዙ ሰዎች ከመንገድ እየተመለሱ እንደነበር በስፋት ተዘግቧል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ አካባቢ የመዘዋወርና መኖሪያ የመመሥረት ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 41 ደግሞ በማንኛውም የአገሪቱ ክፍል ሠርቶ የመኖር መብትን ይጨምራል። ይህ መብት በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሊገደብ ይችላል፤ በአማራ ክልል በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ታውጆ የነበረው አዋጅ ግን ጊዜው ያበቃው በ2016 ዓ.ም. ነው።

መታወቂያን በተመለከተ ሥራው የሚጀመረው አገር ቤት ነው። ከቀበሌ መሸኛ ሳይዙ መውጣት ኋላ ለአንዲት ደብዳቤ ሲባል ጣርማ በርን ዳግም መውረድ ያስከትላል። መሸኛ ይዞ መምጣት ብቻውን የአዲስ አበባ ነዋሪነት መታወቂያ ያስገኛል ማለትም አይደለም፤ አገልግሎቱ በጸጥታ ምክንያት ለጊዜው የታገደባቸው ወቅቶች ነበሩ። የፋይዳ ቁጥር በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጥ የማንነት ማረጋገጫ ነው፤ ማን እንደሆኑ እንጂ የየት ወረዳ ነዋሪ እንደሆኑ አይመሰክርም። የቤት ኪራይ አዋጁም ሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ግን «የአዲስ አበባ መታወቂያ የሌለው ተከራይ አይባልም፣ ሠራተኛ አይባልም» አይሉም። አንዳንድ አከራይና አሠሪ ይህን እንደ ማስፈራሪያ ስለሚጠቀምበት ልብ ማለት ይገባል።

ወደ ቤቱ እንምጣ። የተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አከራይና ተከራይ በቃል ይጨርሱት የነበረውን ነገር ወረቀት ላይ አወረደው። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በ30 ቀን ውስጥም በሚመለከተው አካል ዘንድ ቀርቦ መረጋገጥና መመዝገብ አለበት፤ አዲስ አበባ ውስጥ ይህ በየወረዳው ይከናወናል። ከሁለት ዓመት ያነሰ ውል አይፈቀድም። የቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው።

አዲስ ገቢውን በቀጥታ የሚነካው የቅድሚያ ክፍያው ጣሪያ ነው። ለምሳሌ በወር 8,000 ብር የሚከራይ አንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት ይታሰብ። አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ቢል 48,000 ብር ይሆናል፤ ይህ ደግሞ በሬ ሸጦ ለመጣ ሰው እንኳ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ሕጉ የሚፈቅደው 16,000 ብር ነው። ደላላው «ሕጉን ተወው፣ ቤቱን ሌላ ሰው ይወስድብሃል» ማለቱ አይቀርም፤ እውነትም ሊወሰድ ይችላል። ከሁለት ወር በላይ ለመክፈል የተገደደ ሰው ቢያንስ ሙሉውን ገንዘብ በባንክ ወይም በቴሌብር ይላክ፤ ምክንያቱንም እዚያው ይጻፍ። በእጅ የተሰጠ ጥሬ ገንዘብ ክርክር ሲመጣ ምስክር የለውም።

ሁለት ዓመት የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያስፈራል። «ሥራ ባላገኝስ? ወደ አገሬ ብመለስስ?» ይላል ተከራዩ። ጊዜው ይበልጥ የሚያስረው ግን አከራዩን ነው። ተከራይ የሁለት ወር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሊለቅ ይችላል። አከራይ በበኩሉ ከሕጉ ምክንያቶች ውጭ «ልጄ ከአሜሪካ እየመጣ ነውና ልቀቅ» ብሎ ማስወጣት አይችልም፤ ኪራይ አለመክፈል፣ ቤቱን ለሌላ ዓላማ ማዋል፣ ጎረቤት መረበሽ ወይም ቤቱን መጉዳት ግን ውሉን ያቋርጣሉ። ቤቱ በሽያጭ ወይም በውርስ ወደ ሌላ ሰው ቢተላለፍ እንኳ ተከራዩ የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። ጭማሪም ቢሆን በአከራዩ ፈቃድ አይደለም። በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሰኔ መጨረሻ ይፋ በሚያደርገው መጠን ብቻ ይጨመራል፤ በጥቅምት «ኑሮ ተወዷልና 2,000 ብር ጨምር» የሚል አከራይ የሕግ ድጋፍ የለውም።

አንድ ወጥመድ አለ። አከራዩ የኪራይ ገቢ ግብሩን ለመቀነስ «8,000 ትከፍለኛለህ፣ ውሉ ላይ ግን 4,000 እንጻፍ» ይላል። ተከራዩ ምን ቸገረኝ ብሎ ይፈርማል። ቅድሚያ ክፍያውን ለማስመለስ የሚከራከርበት ቀን ሲመጣ ግን ወረቀቱ የሚያውቀው 4,000ን ነው፤ ተከራዩም በሐሰተኛ ሰነድ ላይ ተባባሪ ሆኖ ይቆማል። የደባል ነገርም እንዲሁ ነው። ሦስት የአንድ አገር ልጆች አንድ ክፍል ይዘው ውሉን አንዱ ብቻ ከፈረመ፣ እርሱ ሲለቅ ሌሎቹ ለአከራዩ እንግዶች ናቸው። የሦስቱም ስም ይግባ።

ደብረ ብርሃን ላይ የሚቀሩም አሉ፤ ከተማዋ ከኢንዱስትሪ ፓርኳና ከፋብሪካዎቿ ጋር የራሷ መሳቢያ ሆናለች። በክልል ከተሞች የኪራይ አዋጁ የሚሠራው ክልሉ በሚወስነው መሠረት ስለሆነ እዚያ የሚከራይ ሰው አስቀድሞ የከተማውን ቤቶች ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ። ኮንዶሚኒየም እጣ እጠብቃለሁ ብሎ ለሚመጣ ደግሞ አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ በአዲስ አበባ አዲስ ምዝገባ የተካሄደው ለመጨረሻ ጊዜ በ2005 ዓ.ም. ነው።

ሥራ ፈላጊውን መጀመሪያ የሚያገኘው ደላላ ወይም ኤጀንሲ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ አገልግሎቱን የሚሰጠው ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል ነው። «የመጀመሪያ ወር ደመወዝህ የኔ ነው» የሚባለው ልማድ ከሕጉ ጋር ይጋጫል።

ቀጥሎ የሚመጣው እንቅፋት ተያዥ ነው። ለጥበቃ፣ ለገንዘብ ተቀባይነት፣ ለሹፌርነት ሁሉ ዋስ ይጠየቃል፤ ከአጣዬ ትናንት የመጣ ሰው ደግሞ በከተማው የሚያውቀው አጎቱን ብቻ ሊሆን ይችላል። አጎትየው ከመፈረሙ በፊት የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 ይወቅ። ዋስትና በግልጽ መሰጠት አለበት፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተጠቀሰም ውሉ አይጸናም። «ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ኃላፊ ነኝ» ብቻ የሚል ቅጽ ሲቀርብለት መጠኑ በቁጥር እንዲገባ ይጠይቅ። መጠኑ ሲወሰን ዋሱ የሚፈርመውን ያውቃል፤ አሠሪውም የሚጸና ውል ይይዛል፤ ሥራ ፈላጊውም ሌላ ዘመድ ለማግኘት ይቀልለዋል።

ሥራው ከተገኘ በኋላ ቀን መቁጠር ይጀመራል። የጽሑፍ ውል ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ዓይነት፣ ደመወዙንና ሌላውንም ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ መስጠት አለበት። አልሰጠም ማለት ሠራተኛው መብት የለውም ማለት አይደለም፤ ማስረጃ ፍለጋው ግን በእርሱ ላይ ይከብዳል። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ የሚደረግ ሲሆን ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ «ስድስት ወር ሙከራ ላይ ነህ» የሚባል ነገር የለም። የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። በግል ድርጅት ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይከፈላል፤ ከደመወዙ እየተቆረጠ ወደ ጡረታ የማይገባ ገንዘብ ስላለ መጠየቅ ነውር አይደለም። በግንባታ ላይ በቀን ሠራተኛነት የሚውለውም ቢሆን በሥራው ላይ ለሚደርስበት ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው።

ከይፋት ለሚመጡ ለብዙ ልጃገረዶች የመጀመሪያው ሥራ የሰው ቤት ነው። እዚህ ላይ ሕጉ ይሳሳል። አዋጅ 1156 የቤት ሠራተኞችን ከሽፋኑ ያስወጣል፤ ለእነርሱ ደንብ እንደሚወጣ ይናገራል። እስከዚያው የሚያገለግለው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሲሆን፣ ቁጥር 2601 ሠራተኛዋ አብራው የምትኖር አሠሪ ለማደሪያዋ፣ ለምግቧ፣ ለሥራና ለዕረፍት ሰዓቷ ጤናዋንና ክብሯን የሚጠብቅ ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያዛል። ደመወዟን «ለቤተሰብሽ እልክልሻለሁ» ብሎ የያዘ አሠሪ ገንዘቡ የእርሷ መሆኑን አያስቀርም። ወርሃዊው ክፍያ በራሷ ስም ባለ ሂሳብ ቢገባ አብዛኛው ክርክር ሳይነሳ ይቀራል።

ክርክር ሲነሳ ይርጋው አጭር ነው። ያለ አግባብ ከሥራ የተባረረና ወደ ሥራው መመለስ የሚፈልግ ሠራተኛ በሦስት ወር ውስጥ መክሰስ አለበት። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰሉት ክፍያዎች ጥያቄ በስድስት ወር ይቋረጣል። «ነገ እከፍልሃለሁ» እየተባለ ስልክ ሲደወል የሚያልፉት ወራት ከዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ፤ ለክፍለ ከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ የቀረበ አቤቱታ ግን ይርጋውን ያቋርጣል። ሠራተኛው ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ጠበቃ ማቆም የማትችል ሴት በ1987 ዓ.ም. በተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነፃ ትረዳለች፤ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም ነፃ የምክር ማዕከላት አሏቸው። የኪራይ ጉዳይ ደግሞ በቅድሚያ ውሉ ለተመዘገበበት ወረዳ ይቀርባል፤ የተመዘገበውን ውልና የባንክ ደረሰኞቹን ቅጂ ይዞ መሄድ በቂ ነው።