የመጠይቅ ውጤትን በዓምድ ስም ማንበብ፦ ጥቅሙና ወሰኑ

ከመረጃ ቋት የሚመለስ የመጠይቅ ውጤት በረድፍና በዓምድ የተደራጀ ነው። ፕሮግራሙ ከእያንዳንዱ ረድፍ የሚፈልገውን ዋጋ በዓምዱ ተራ ቁጥር ወይም በዓምዱ ስም ሊያነብ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ሁለተኛው መንገድ ለምን እንደሚመረጥና ብቻውን የማይበቃው መቼ እንደሆነ ይመረምራል።

ተራ ቁጥር ትርጉም አይሸከምም። በአንድ የሕሙማን ሰንጠረዥ 3ኛው ዓምድ የደም ዓይነትን፣ 4ኛው የመድኃኒት አለርጂን ይዟል እንበል። ሰንጠረዡ እንደገና ሲዋቀር የሁለቱ ቦታ ቢለዋወጥ፣ ሁሉንም ዓምዶች በኮከብ ምልክት ጠይቆ በቁጥር የሚያነብ ኮድ የደም ዓይነቱን በአለርጂ ቦታ ያሳያል፤ ሁለቱም ጽሑፍ ስለሆኑም የስሕተት መልእክት አይወጣም። የአቆጣጠሩ ልዩነትም ሌላው የስሕተት ምንጭ ነው፤ ፓይተን ከ0 ሲጀምር የጃቫው ጄዲቢሲ ከ1 ይጀምራል። በስም የሚያነብ ኮድ ግን ዓምዱን ባለበት ቦታ ያገኘዋል፤ ስሙ ከውጤቱ ከታጣም ፕሮግራሙ ስሕተቱን ወዲያውኑ ያሳውቃል።

አተገባበሩ ቀላል ነው። የፓይተን የኤስኪውላይት ሞጁል በነባሪነት እያንዳንዱን ረድፍ በቱፕል መልክ ይመልሳል። ‹ሮው ፋክተሪ› የተባለው የግንኙነቱ ባሕርይ ‹ሮው› ከተባለው ክላስ ጋር ሲያያዝ፣ ረድፉ በስምም በቁጥርም ይነበባል።

ይሁን እንጂ ስም የሚጠቅመው ልዩ ሲሆን ነው። የሕሙማንና የሐኪሞች ሰንጠረዦች እያንዳንዳቸው ‹ስም› የሚባል ዓምድ ቢኖራቸውና ቢጣመሩ፣ ውጤቱ ሁለት ‹ስም› ይይዛል። ጄዲቢሲ በዚህ ጊዜ የመጀመሪያውን ዓምድ ይመልሳል፤ የፒኤችፒው ፒዲኦ ረድፉን በስም በተሰየመ ድርድር ሲያቀርብ ለአንድ ስም አንድ ዋጋ ብቻ ያስቀራል። ስለዚህ በሕመምተኛው ስም ቦታ የሐኪሙ ስም ሊነበብ ይችላል፤ ይህም ያለ ማስጠንቀቂያ ይፈጸማል።

መፍትሔው ያለው በመጠይቁ ላይ ነው፤ የሚፈለጉትን ዓምዶች አንድ በአንድ መዘርዘርና ‹አዝ› በሚለው ቁልፍ ቃል ‹የሕመምተኛ ስም›፣ ‹የሐኪም ስም› እያሉ ተለዋጭ ስም መስጠት። የኤስኪውላይት መመሪያም ተለዋጭ ስም ላልተሰጠው ዓምድ የሚወጣው ስም ከአንዱ እትም ወደ ሌላው ሊለወጥ እንደሚችል ያስገነዝባል። እንግዲህ በስም ማንበብ አስተማማኝ የሚሆነው ስሙን ራሱ ጠያቂው በመጠይቁ ውስጥ ሲወስነው ነው።