ጫናን በረጅም ኳስ መሻገር፦ ሪያል ማድሪድ ከሊቨርፑል

ተጋጣሚውን በራሱ ሜዳ አፍኖ ኳስ የሚነጥቅ ቡድን የተከላካይ መስመሩን ወደ መሀል ሜዳ ማስጠጋት ግድ ይለዋል፤ በዚህም ከጀርባው ሰፊ ባዶ ሜዳ ይተዋል። ይህን ስልት ለማክሸፍ ብዙ ጊዜ የሚመከረው በአጫጭር ቅብብል ሰብሮ መውጣት ነው። ሪያል ማድሪድ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 2021 በሻምፒዮንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ሊቨርፑልን 3ለ1 ያሸነፈበት ጨዋታ ግን ሌላ መንገድ ያሳያል።

በአሰልጣኝ ዚነዲን ዚዳን ቡድን የማጥቃቱ መነሻ ቶኒ ክሮስ ነበር። ክሮስ ወደ ኋላ ተስቦ ኳስ ሲቀበል የሊቨርፑል ተጫዋቾች በጊዜ አልደረሱበትም። በ27ኛው ደቂቃ ከራሱ ሜዳ ያሻገረውን ኳስ ቪኒሲየስ ጁኒየር ከተከላካዮች ጀርባ ሮጦ ግብ አደረገው። በ36ኛው ደቂቃ የላከውን ሌላ ረጅም ኳስ ደግሞ ትሬንት አሌክሳንደር አርኖልድ በግንባሩ ወደ ኋላ ሲመልስ ማርኮ አሴንሲዮ አግኝቶ አስቆጠረ።

ሁለተኛውን ግብ የተከላካዩ የግል ስሕተት ብቻ አድርጎ መቁጠር ቀላል ነው፤ ሆኖም ፊቱን ወደ ራሱ ግብ አዙሮ እንዲሮጥ ያስገደደው ኳሱ ያለ ተከልካይ መላኩ ነው። ረጅም ኳስ በራሱ መፍትሔ አይሆንም። የተጨናነቀ ተጫዋች ሲመታው ኳሱን ለተጋጣሚ ከመስጠት አይለይም። ክሮስ ግን ቀና ብሎ የሯጩን አቅጣጫ ለመለየት ፋታ ነበረው። የፊት መስመሩ ለአፍታ ሲዘገይ፣ ከፍ ብሎ የቆመው የኋላ መስመር ብቻውን ይጋለጣል።

በአንፊልዱ የመልስ ጨዋታ ሊቨርፑል ከጅምሩ ጫናውን አጠንክሮ ግልጽ የግብ ዕድሎች ፈጠረ፤ ማድሪድም ያለፈው በመከላከል፣ 0ለ0 በመለያየት ነው።