ምክንያትን የሚያስረዳ አንቀጽ፦ ወደ ስሜን ተራሮች የሚደረግ ጉዞ ዕቅድ

ሀ. መግቢያ

ውሳኔ ያለ ምክንያት ሲጻፍ ምኞት ይባላል እንጂ ዕቅድ አይባልም። «ጨነቅ እናድራለን» ብሎ የጻፈ ተማሪ ምኞቱን ገልጧል፤ «ለምን በዚያ ሥፍራ? ለምንስ በዚያ ወቅት?» ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ አልሰጠም። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። እያንዳንዱ ምርጫ በምን ምክንያት እንደ ተደገፈም መርምሩ።

ለ. ምንባብ

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከጎንደር በስተሰሜን ይገኛል። ዋልያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ይህ ሥፍራ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከክፍል ጓደኞቻችሁ ጋር ልትጎበኙት ብታስቡ በመጀመሪያ ጊዜውን፣ ቀጥሎም ማደሪያውን መምረጥ ይኖርባችኋል።

ረጅሙን ዕረፍት የምታገኙት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ነገር ግን በእነዚህ ወራት ዝናቡ ስለሚበረታ መንገዱ ይጨቀያል፤ ጉም ስለሚጋርደውም ገደሉ አይታይም። በጥቅምት ዝናቡ ያባራል፤ መስኩ ገና ልምላሜውን አልለቀቀም፤ ሰማዩም ይጠራል። ይሁን እንጂ ወሩ የትምህርት ጊዜ ነው። ስለዚህ የሚሻላችሁ የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ነው፤ ምክንያቱም በጋ በመሆኑ መንገዱ ደረቅ ነው። በአንጻሩ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች ሊወርድ ስለሚችል ወፍራም ልብስና ብርድ ልብስ ሳትይዙ አትነሡ።

ማደሪያን በተመለከተ፣ በፓርኩ ውስጥ ድንኳን ከሚተከልባቸው ካምፖች መካከል ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ ይታወቃሉ። ሳንቃበር 3,200 ሜትር፣ ግጭና ጨነቅ ደግሞ 3,600 ሜትር ገደማ ከባሕር ጠለል በላይ ከፍታ አላቸው። መኪና እስከ ጨነቅ ስለሚገባ፣ ማለዳ ከጎንደር ተነሥቶ ማታ እዚያው ማደር ይቻላል። ነገር ግን መኪናው ደረሰ ማለት ሰውነት ደረሰ ማለት አይደለም። አየሩ ከፍ ባለ መጠን ስለሚሳሳ፣ በአንድ ቀን ብዙ የወጣ ሰው ራሱን ሊያመው፣ ሊያቅለሸልሸውና እንቅልፍ ሊነሣው ይችላል። ከ3,000 ሜትር በላይ የየሌሊቱ ማደሪያ ካለፈው ሌሊት ከ500 ሜትር ይበልጥ ከፍ እንዳይል የሚመከረውም ስለዚህ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያውን ሌሊት በደባርቅ ከተማ፣ ሁለተኛውን በሳንቃበር፣ ሦስተኛውን በግጭ፣ አራተኛውን በጨነቅ እደሩ።

ከመካከላችሁ አንዱ ቢታመም ሕመሙ እስኪተወው ወደ ላይ አትቀጥሉ፤ ከባሰበትም ሳትዘገዩ ወደ ታች አውርዱት። ጨነቅን ሳያዩ መመለስ ይቆጫል፤ ሆኖም ተራራው ለሌላ ዓመት ይቆያል። የጓደኛ ሕይወት ግን ምትክ የለውም።

ሐ. ማብራሪያ

1. «ስለ» ከግሥ ጋር ተጣምሮ ሲነገር ብዙውን ጊዜ ምክንያቱን ከውጤቱ ያስቀድማል። ምሳሌ፦ ጉም ስለሚጋርደው ገደሉ አይታይም።

2. «ምክንያቱም» ውጤቱን አስቀድሞ ምክንያቱን ያስከትላል። ምሳሌ፦ ገደሉ አይታይም፤ ምክንያቱም ጉም ይጋርደዋል።

3. «ስለዚህ» ምክንያቱ ከተነገረ በኋላ ውሳኔውን ያስገባል። «ዝናቡ ስለበረታ ስለዚህ ቀረን» ብሎ መጻፍ ግን ድግግሞሽ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ይበቃል።

4. «ይሁን እንጂ» እና «ነገር ግን» ተቃራኒ ሐሳብን ያመጣሉ። ጥሩ ዕቅድ የሚደግፈውን ብቻ ሳይሆን የሚቃወመውንም ሐሳብ አይሸሽግም።

መ. መልመጃ

1. ጥቅምት የተመረጠ ወር ሆኖ ሳለ ምንባቡ ለምን ሌላ ጊዜ መረጠ?

2. በመኪና በአንድ ቀን ጨነቅ ደርሶ ማደር የማይመከረው ለምንድን ነው? «ምክንያቱም» በሚለው ቃል መልሱ።

3. «ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ወፍራም ልብስ እንይዛለን።» እነዚህን ዐረፍተ ነገሮች በመጀመሪያ በ«ስለ»፣ ቀጥሎ በ«ስለዚህ» አያይዙ።

4. በአካባቢያችሁ ወደሚገኝ ተራራ፣ ሐይቅ ወይም ደን የሁለት ቀን ጉዞ አቅዱ። ጊዜውንና ማደሪያውን ለምን እንደ መረጣችሁ በሁለት አንቀጽ ጻፉ። ከጨረሳችሁ በኋላ ደብተራችሁን ከጓደኛችሁ ጋር ተለዋወጡና ያለ ምክንያት የቀረውን ውሳኔ ሁሉ አስምሩበት።