የተቀበልነውን ለልጆቻችን ስለ ማስተላለፍ

ነቢዩ ኤርምያስ በእስራት ሳለ በአናቶት ያለውን እርሻ በገዛ ጊዜ፥ በማኅተም የተዘጋውንና የተከፈተውን ሁለቱን የውል ጽሑፍ ባሮክ ተቀብሎ በሸክላ ዕቃ ያኖር ዘንድ አዘዘው። ይኸውም ከምርኮ ለሚመለሰው ትውልድ ምስክር ሆነው እንዲቈዩ ነው። ከዚህ ታሪክ ጽሑፉ አንድ ብቻ አለመሆኑን፥ ማኖሪያውም ታስቦበት መመረጡን እንማራለን።

በዘመናችን የሞቱት ወላጆቻችን መልክ፥ የልጆቻችን ክርስትና፥ የገዳማት የብራና መጻሕፍት እንኳ ሳይቀሩ በዲጂታል ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ብዙዎቻችንም በፍላሽ ወይም በሲዲ ገልብጠን በሣጥን ከቈለፍነው በኋላ ተጠብቋል ብለን እናርፋለን። ይህ ግን ስሕተት ነው።

የወረቀት ፎቶግራፍ ቢደበዝዝም የቀረውን ዓይን ያየዋል። የዲጂታል ፎቶግራፍ ግን በቍጥር የተጻፈ ስለ ሆነ ያለ መሣሪያ አይነበብም። ስለዚህ በሦስት መንገድ ይጠፋል። አንደኛ፥ ማኖሪያው ያረጃል፤ በፍላሽ ውስጥ ቍጥሩን የያዘው የኤሌክትሪክ ኃይል ለብዙ ዓመታት ሳይከፈት ሲቀመጥ ቀስ በቀስ ይደክማል፤ በቤት የተቀዳ ሲዲም በብርሃንና በሙቀት ይበላሻል። ሁለተኛ፥ ፍሎፒ ዲስክ እንደ ሆነው ሁሉ ማንበቢያው ከገበያ ይጠፋል። ሦስተኛ፥ ፋይሉ የተጻፈበት ሥርዐት ይረሳል።

ለዚህም የእንግሊዝ አገር ታሪክ ምስክር ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1086 ዓ.ም. ንጉሥ ዊልያም የአገሩን ርስትና ሀብት አስቈጥሮ በብራና አስጻፈ፤ መጽሐፉም ዱምዝዴይ ይባላል። 900ኛው ዓመት ሲታሰብ በ1986 ዓ.ም. ቢቢሲ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች የተሳተፉበትን ጽሑፍና ፎቶግራፍ ሰብስቦ በሁለት ሌዘር ዲስክ አወጣ። ነገር ግን ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ቢያልፍ ማንበቢያው ብርቅ ሆነ፤ በ2002 ዓ.ም. ባለሙያዎች የአሮጌውን መሣሪያ አሠራር በአዲስ ኮምፒውተር አስመስለው ለማንበብ ብዙ ደከሙ። የብራናው መጽሐፍ ግን ዛሬም ይነበባል።

እንግዲህ ኮምፒውተር ይናቅ እንላለንን? አንልም። ብራናም በእሳትና በውኃ ይጠፋል፤ ኢዮአቄም የኤርምያስን ክርታስ ባቃጠለው ጊዜ ባሮክ እንደ ገና ጻፈው። የአባቶቻችን መጻሕፍት ለእኛ የደረሱት ብራናው ስለ ጸና ብቻ ሳይሆን፥ በየትውልዱ ጸሐፊ ተነሥቶ ስለ ገለበጠ፥ የገለበጠውንም ከዋናው ጋር አስተያይቶ ስላረመ ነው።

ስለዚህ ፎቶግራፉ በሦስት ቅጂ፥ በሁለት ልዩ ልዩ ዕቃ ይኑር፤ አንዱም ከቤት ውጭ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ። ጄፔግንና ቲፍን በመሰለ፥ በብዙዎች ዘንድ በታወቀ ሥርዐት ይጻፍ። በየዓመቱ ተከፍቶ ይታይ፤ ዕቃው ሳያረጅም ወደ አዲስ ይገልበጥ። የሰዎቹ ስም፥ ቦታውና ዓመተ ምሕረቱ አብሮ ይጻፍ፤ ስሙ የጠፋ መልክ ቢታይም የማን እንደ ሆነ አይታወቅምና። እጅግ የተወደደውም በወረቀት ይታተም።

ከሁሉ በላይ ግን በየቤቱና በየደብሩ ይህን አደራ የሚቀበል ሰው ይመረጥ። ሣጥን ዕቃን ይይዛል እንጂ አደራን አይጠብቅም፤ አደራን የሚጠብቅ የተጋ ሰው ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።