የቤት አሸንዳ ለምን ይጸዳል?

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲያርፍ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። በዚህ ስሌት 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ 100 ካሬ ሜትር ስፋት ካለው ጣሪያ 2,500 ሊትር ውኃ ያወርዳል። ይህን ሁሉ ተቀብሎ ከቤቱ የሚያርቀው አሸንዳ ነው።

የረገፈ ቅጠል ተከማችቶ የመውረጃ ቱቦውን አፍ ሲደፍነው ግን ውኃው በአሸንዳው ጠርዝ ሞልቶ በግድግዳው ሥር ይፈስሳል። አፈሩ ደጋግሞ ሲርስ የቤቱ መሠረት ይጎዳል፤ አሸንዳው የተሰቀለበት የጣሪያ እንጨትም ይበሰብሳል። በብርድ ወራት የታቈረው ውኃ ወደ በረዶነት ተለውጦ በክብደቱ አሸንዳውን ሊነቅለው ይችላል፤ በሙቀት ወራት ደግሞ ቢንቢ ይራባበታል።

ስለዚህ በአሜሪካና በአውሮፓ የምትኖሩ ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈው ሲጨርሱ፣ በአገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ክረምት ሳይገባ በግንቦት አሸንዳችሁን አጽዱ። ጓንት አጥልቃችሁ ቅጠሉን አውጡ፤ ከዚያም ውኃ ለቅቃችሁ በቱቦው በኩል ያለ እንቅፋት መውረዱን ተመልከቱ። መሰላሉ 4 ሜትር ከፍታ ላይ ከተደገፈ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ያህል ይራቅ፤ ከሥር የሚይዝላችሁ ሰው ሳይኖርም አትውጡ።